ከሃያ አንድ የሚቆጥረው ሰው

ኤጎን ራቤ በዚያ ማለዳ ገብሱን ሦስት ጊዜ ቀዳ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሳይቀምሰው ቀዘቀዘበት። ቡና ይሉታል እንጂ የተቆላ ገብስ ነው፤ እውነተኛውን ቡና ጀርመን በጦርነቱ ከረሳችው ቆይቷል። የመመገቢያው አዳራሽ በሲጋራ ጭስና በእርጥብ ካፖርት ሽታ ታፍኗል፤ የገባው ሁሉ ደግሞ እየመጣ ትከሻውን ይመታዋል። «አበጀህ ራቤ! ሞስኪቶ ጣላችሁ አሉ!» ይሉታል። እሱም አንገቱን ይነቀንቃል። ምን እንደጣሉ ግን አያውቅም።

ሌሊቱን አንድ አውሮፕላን እየነደደ ከሰማይ ወርዷል፤ ያወረዱትም እሱና መቶ አለቃ ዛይፈርት ናቸው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። የማን አውሮፕላን ነበር ሲባል ነው ኤጎን የሚጠራጠረው። ሁሉም የእንግሊዝ ሞስኪቶ ነው ይላል። እሱም ሌሊት እንደዚያ ብሎ ነበር። ሲነጋ ግን አንድ ነገር ጎኑን ይወጋጋው ጀመር፤ ምን እንደሆነ ሊይዘው ሲል ያመልጠዋል።

ዛይፈርት ከጠረጴዛው ማዶ ጥቁር ዳቦውን በማርጋሪን እየገመጠ ነው። ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራል።

«ምን ሆነሃል አንተ? ለቅሶ ቤት የገባህ ትመስላለህ!» አለው።

«ደክሞኝ ነው፣ ጌታዬ።»

«ድካምህን ዋጠው! በጄት፣ በሌሊት፣ ሞስኪቶ! መካኒኮቹ የድል ምልክት ሊስሉ ቀለም እየበጠበጡልን ነው። ስምህን የጄታችን ጅራት ላይ ላስጽፍልህ?»

«ጌታዬ... ጅራቱን አይተውት ነበር?»

«የማንን ጅራት?»

«የጣልነውን።»

ዛይፈርት ማላመጡን አቆመ። «እሳት ነው ያየሁት። ሁለት ሞተር፣ ሁለት እሳት፣ ከዚያ ተኩስ፣ ከዚያ አለፍኩት። አንተ አይደለህ እንዴ ሃምሳ አንድ ያልከኝ?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያውስ! ሃምሳ አንድ ሃምሳ አንድ ነው። ብላ አሁን።»

ኤጎን ዳቦውን አነሳ። ይህን ጊዜ የስልክ ክፍሉ ሠራተኛ ገብቶ በሩ አጠገብ ላሉት ሲናገር ሰማው። «ከወንዙ ማዶ ካለው ጦር ሰፈር ደውለው ነበር። ክራነርት ሌሊት ወጥቶ አልተመለሰም። እናንተ ጋ አርፎ እንደሆነ ብለው ነው የጠየቁት።» የኤጎን ኩባያ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወደቀች፤ ገብሱ ጫማው ላይ ፈሰሰ፤ እሱ ግን ወደ ታች አላየም።

ቲሎ ክራነርት! ኤጎን ሦስት ዓመት ሙሉ ከጀርባው ተቀምጦ አብሮት የበረረው አብራሪ ነው። የቲሎ ሚስት እንኳ ሳሉን ከኤጎን ይበልጥ አታውቀውም።

የሌሊት ተዋጊ ሥራ እንዲህ ነው፤ በጨለማ የጠላትን አውሮፕላን ፈልጎ፣ ከኋላው ተጠግቶ መምታት። አብራሪው ራሱ ምንም አያይም። የሚያይለት ከኋላው የተቀመጠው የራዳር ሰው ነው፤ በትንሽ መስታወት ላይ የምትንቀጠቀጥ አረንጓዴ ነጥብ እያየ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ቅርብ፣ ሩቅ እያለ ይመራዋል። ኤጎንና ቲሎ ይህን የሚሠሩት ባለ ሁለት ሞተር በሆነችው፣ በሞተሮቿ ፊት በሚሽከረከር ውልብልቢት በምትበረው አሮጊት ዩንከርስ አውሮፕላን ነበር። እሷ አትቸኩልም። አንዱን ነጥብ ሩብ ሰዓት ይከተሉታል፤ ቀስ ብለው ከሥሩ ገብተው ቀና ይላሉ፤ ክንፉን፣ ጅራቱን፣ የጭስ ማውጫውን ፍም አንድ በአንድ ያያሉ። ሁለት ጊዜ የተከተሉት የራሳቸው ሰው ሆኖ ተገኝቷል። ቲሎ ሁለቱንም ጊዜ ስቆ «ይሄ ደግሞ ቤቱ ጠፍቶት ነው፤ ሚስቱ ትፈልገው!» ብሎ ትቶታል።

ሳይነሱ በፊት ደግሞ እንጨት ማንኳኳት አለ። ክፉ እንዳያገኝ እንጨት ሦስት ጊዜ በጣት አንጓ መምታት የማያውቅ ሰው በዚያ አገር የለም። የዩንከርሷ ገላ ቆርቆሮ ነው፤ ውልብልቢቷ ግን እንጨት ነው፤ ሰፊ፣ በንብርብር የተጣበቀ፣ ጠርዙ ናስ የለበሰ፣ ጥቁር አረንጓዴ ቀለም የተቀባ። ቲሎ ከግራው ሞተር ውልብልቢት አንዷን ክንፍ መርጦ ሦስት ጊዜ ይመታታል፤ ኤጎንም እዚያችው ላይ ይደግማል። ከዓመት በላይ አንዲት ቦታ ሲመቱ ቀለሙ ተላጠና የሳንቲም ያህል ነጭ እንጨት ብቅ አለ። መካኒኩ ሊቀባው ብሩሽ ይዞ ሲመጣ ቲሎ «ነካ አድርጋትና ጣትህን እቆርጠዋለሁ!» ብሎ አባረረው።

አሁን የሚበርባት ጄት ውልብልቢት የላትም። በክንፎቿ ሥር ሁለት በርሜል የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ ላምባ እየጠጣ ያፏጫል፤ በቃ። ለባለ ሁለት ወንበሯ ልምድ ያለው የራዳር ሰው ያስፈልጋል ተባለና ኤጎን በጥር ወር በትእዛዝ ወደዚህ ተዛወረ። ቲሎ የዚያን ቀን አልሰናበተውም፤ «ሂድ እንግዲህ፣ ከላምባዋ ጋር ተጋባ!» ብሎ ጀርባውን ሰጠው። ኤጎን ከመጀመሪያው በረራ በፊት ጄቷን ሁለት ጊዜ ዞራት፤ ከአፍንጫ እስከ ጅራት እንጨት የሚባል ነገር የለባትም። በመጨረሻ የመካኒኩን መሰላል አንኳኳ፤ ዛይፈርት በሳቅ ሊሞት ነበር።

ፍጥነቷስ! በአሮጊቷ ነጥቡ በመስታወቱ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ይሄዳል፤ በዚህችኛዋ ይዘላል። አየሁት ስትል አልፈኸዋል። ከሥር ገብቶ ጅራት ማየት የሚባል ነገር የለም፤ ለተኩስ ያለህ ሁለት ሰከንድ፣ ቢበዛ ሦስት ነው። ወገንን ከጠላት የሚለየው መሣሪያም በዚያ ክረምት ከሠራበት ቀን ያልሠራበት ይበልጣል። ስለዚህ አሠልጣኞቹ አንድ ዘዴ አወጡ። ነጥቡን ከአራት ሺህ ሜትር እስከ አንድ ሺህ ሜትር ድረስ በሩጫ ሰዓት ቁጠር፤ ከአርባ ሰከንድ በታች ከደረስክበት ቀርፋፋ ነው፣ የእኛ ዩንከርስ ሊሆን ይችላል፣ ተወው። ከአርባ በላይ ከፈጀብህ እየሸሸ የሚሄድ ፈጣን ነው፣ ሞስኪቶ ነው፣ ምታው። ቀላል ነው፤ ሕፃን የሚሠራው ሥራ ነው።

በዚያ ሌሊት ታዲያ የሩጫ ሰዓቱ ገመድ ከወንበሩ ጠፍር ጋር ተጠላለፈ። ኤጎን በወፍራም ጓንት ሲታገል ነጥቡ አራት ሺህን ነካ። ሰዓቱን ተወና በአፉ መቁጠር ጀመረ። ነጥቡ ይዘላል፣ ጄቷ ታፏጫለች፣ በጆሮ ማዳመጫው ከምድር የሚመራቸው ሰው «ከደመናው በላይ የእኛ ሰው የለም፣ የለም» ይላል፣ ዛይፈርት «ስንት? ስንት?» እያለ ይጮኻል። ነጥቡ አንድ ሺህን ሲነካ ኤጎን «ሃምሳ አንድ!» አለ። መድፎቹ አውሮፕላኗን አንቀጠቀጧት። አንድ ትልቅ ነገር እየነደደ ከሥራቸው አለፈ። ሁለት ሞተር ነበረው፤ ሞስኪቶም ሁለት ሞተር ነው ያለው፣ ዩንከርስም።

እንግዲህ ኤጎን ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ ስልክ ክፍል ሄደ። «የወደቀው የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ክላይን ሉቶው የምትባል መንደር አጠገብ ነው አሉት፤ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር። የማን እንደሆነ ገና የሄደ ሰው የለም፤ መኪና አለ፣ ቤንዚን የለም። ኤጎን ሌላ ነገር አልጠየቀም። ነገሩ በራሱ የሚፈታ መሰለው፤ ሞስኪቶ ገላው እንጨት ነው፣ ከስስ ኮምፔርሳቶ ተጣብቆ የተሠራ፤ ዩንከርስ ቆርቆሮ ነው። ሄዶ ስባሪውን ማየት ነው። እንጨት ከሆነ ቲሎ ሌላ ቦታ አርፎ ገብስ እየጠጣ ይሳደባል። ቆርቆሮ ከሆነ... ከዚያ ወዲያ ሐሳቡ አልሄድ አለው። የወጥ ቤቱን ሰው ብስክሌት ለምኖ ወጣ።

መንገዱ በጥድ ጫካ መሃል ነው፤ በረዶው ቀልጦ ጭቃ ሆኗል። ስደተኞች ጋሪያቸውን እየገፉ በተቃራኒው ይመጣሉ፤ ቀና ብሎም ያየው የለም። ከአንድ ዳገት ሥር ሲደርስ ትንፋሽ አጠረውና ልማዱን ያዘ፤ ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር መቁጠር ጀመረ። ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት...

እዚያ አገር ሰከንድ የሚቆጠረው እንዲህ ነው። አንድ፣ ሁለት ቢሉ ምላስ ይቀድማል፤ ሃያ አንድ ብሎ ለመጨረስ ግን አንድ ሙሉ ሰከንድ ይፈጃል። መብረቅ ሲበርቅ ነጎድጓዱ እስኪመጣ ሕፃን ሁሉ ከሃያ አንድ ጀምሮ ነው የሚቆጥረው። ኤጎንም በእናቱ ጓሮ የለመደውን ወደ ሰማይ ይዞት ወጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከቲሎ ጀርባ ነጥቡ እስኪቀርብ እንዲሁ ሲቆጥር ኖረ።

ዳገቱ አናት ላይ ሲደርስ አፉ «ሃምሳ አንድ» አለ። እግሩ ቆመ። ብስክሌቷ ተንገዳገደችና ከነብስክሌቱ ቦይ ውስጥ ገባ።

ስንት ጊዜ ነው የረገጥኩት? ሃምሳ አንድ አይደለም። ሠላሳ አንድ ነው።

ቦዩ ውስጥ እንደተቀመጠ ጭቃው ሱሪውን ዘልቆ ገባ። ሃያውን ቀንሼ ነበር? ብሎ ራሱን ጠየቀ። ከቀነስኩ አፌ ሰባ አንድ ደርሶ ነበር ማለት ነው፤ እንደዚያ ከሆነ ልክ ነው፣ ሞስኪቶ ነው። ካልቀነስኩ ግን ሠላሳ አንድ ነበር፤ ሠላሳ አንድ ደግሞ የእኛ ነው። እንደገና ሞከረው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነጥቡን፣ ፉጨቱን፣ የዛይፈርትን ጩኸት መልሶ አመጣና ቆጠረ። አንድ ጊዜ ስድሳን ሲያልፍ ትዝ አለው፤ አዎ፣ ስድሳ ሦስት ብዬ ምላሴን ነክሻለሁ እኮ! ወዲያው ደግሞ ምላሱን የነከሰው ከገና በፊት በሌላ ሌሊት መሆኑ ትዝ አለው። በሥልጠና ወቅት የሩጫ ሰዓቱ ራሱ ስለሚያሳየው መቀነስ አላስፈለገውም። ከቲሎ ጋርስ? ከቲሎ ጋር የመጣለትን ቁጥር ይጮኻል፣ ቲሎም የሚያደርገውን ያደርጋል፤ ስለ መቀነስ አንድ ቀን ተነጋግረው አያውቁም። ማን ነበር የሚቀንሰው ታዲያ? እናቴ ድረሽልኝ! አለ ኤጎን፣ ጮክ ብሎ፣ ብቻውን።

ተነሥቶ ብስክሌቷን አወጣ። ከዚያ ወዲያ አልቆጠረም፤ አፉን ገጥሞ ነዳ።

ከክላይን ሉቶው ዳር ረግረግ አለ። አውሮፕላኑ እዚያ ነው የገባው፤ ገብቶም ቀርቷል። ኤጎን ሲደርስ ያገኘው ክብ ጥቁር ውሃና በላዩ የተንሳፈፈ ዘይት ብቻ ነበር። ዙሪያውን ያለው ሣር ተረጋግጧል፤ የተበተነ ስባሪ ከነበረም ሰዉ ለቅሞታል። ይኼን ሁሉ መንገድ መጥቶ ውሃ! አንድ ድንጋይ አንሥቶ በንዴት ወረወረበት።

«ምን አደረገህ ውሃው?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላው። ባዶ የእጅ ጋሪ የምትጎትት፣ ራሷን በሻሽ ያሰረች ትልቅ ሴት ናት። «ልትቀማኝ መጥተህ ከሆነ በጊዜ ተመለስ ወታደር፤ የድንጋይ ከሰል የገና በዓል ካለፈ ወዲህ አላየንም። ፍራው ሜንዘ ሰርቃለች ብለህ ለፈለግኸው ተናገር፤ እኔ እንደሆንኩ መልሼ አልሰጥም።»

«ልቀማዎት አይደለም የመጣሁት፣ እማማ። ምንድን ነው ያገኙት? ቆርቆሮ ነው እንጨት?»

«እንጨት ነዋ!» አለችው። «ቆርቆሮ ምን ያደርግልኛል፣ አይነድ! ደህና አድርጎ የደረቀ፣ ሙጫ የጠጣ እንጨት ነው። አንዴ ከተያያዘ ምድጃው ራሱ ይዘፍናል።»

ኤጎን እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አለ። እንጨት! መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁም አልቆም አለው። ቆርቆሮም አለ ማለቷ ጆሮው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ግን የሞስኪቶም ሞተር ክዳኑ ቆርቆሮ ነው አይደል? ነው እንጂ!

«አበድክ እንዴ ልጄ?»

«አላበድኩም። ደስ ብሎኝ ነው። ሰውስ አልተገኘም?»

«ሁለት ተገኝተዋል። አንዱ ጥዱ ሥር ሞቶ ነው የተገኘው፣ ገና ለግላጋ፤ ፊቱ አይለይም። ሌላውን እንግሊዙን ግን ሽማግሌው ፕሎገር በእሳት አደጋ ጋሪው ቤት ቆልፎበታል። በጃንጥላ ወርዶ ራሱን ዛፍ መታው መሰለኝ፤ አይናገርም፣ አይሰማም፤ ፕሎገር በአደን ጠመንጃው እየጠበቀው ነው።»

«እንግሊዝ ነው? እንግሊዝ መሆኑን በምን አወቃችሁ?»

«ልብሱ ተቃጥሎ አይለይም፤ ሬዲዮው ግን ሞስኪቶ ወደቀ ብሏል እኮ! ሌላ ማን ይሆናል?»

ኤጎን ይህንንም ተቀበለው። የተራበ ሰው የሰጡትን አይመርጥም፤ እሱም የሰጡትን ምልክት ሁሉ እየሰበሰበ ነበር። ከኪሱ ለአብራሪዎች የሚሰጠውን ቸኮላት አውጥቶ ሰጣት። ፍራው ሜንዘ ቸኮላቱን ገልብጣ አሸተተችውና ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እጅህ በርዶ ሰማያዊ ሆኗል። ና ግባና ሙቅ፤ ድንች አለኝ» አለችው። ቤቷ ከረግረጉ ጥግ ነው፤ ጋሪዋን እሱ ጎተተላት፤ መንገዱን ሁሉ ስለ ልጆቿ ስታወራው ደስ ብሎት ሰማ።

ወጥ ቤቱ ይሞቃል። ምድጃው እውነትም እየዘፈነ ነው፤ የሙጫ ሽታ አለው። ኤጎን እጁን ዘርግቶ ሞቀ፤ ድንቹን ተቀበለ፤ አንዴ ጎረሰ። ከዚያ ከምድጃው ጎን ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን አየ።

«እሷን ነው እንግዲህ መጋዜ እንቢ ያላት» አለች ፍራው ሜንዘ ድንቹን እየላጠች። «ቅንጥብጣቢዎቹን አነደድኳቸው፤ ይቺኛዋ ግን ጠርዟ ናስ ነው፣ ጥርሱን አረገፈችብኝ። ደህና መጥረቢያ ካላችሁ...»

ኤጎን አይሰማትም። የቆመው ስስ ኮምፔርሳቶ አይደለም። ሰፊ ነው፣ ወፍራም፣ በንብርብር የተጣበቀ፣ ጥቁር አረንጓዴ። የሞስኪቶ ገላው እንጨት ነው፣ ውልብልቢቱ ግን ብረት ነው። የዩንከርስ ገላዋ ቆርቆሮ ነው፣ ውልብልቢቷ እንጨት። ይህን ከጠዋት ጀምሮ ያውቀው ነበር፤ ምን ጊዜም ያውቀዋል፤ ይህን ሁሉ መንገድ ሲመጣ ግን አንድ ጊዜም ትዝ አላለውም። ወይም ትዝ እንዳይለው አድርጎ ነው የመጣው።

ዩንከርስ በአገሩ ሙሉ ነው፣ አለ በልቡ፤ የግድ የቲሎ አይሆንም። ወደ ብርሃኑ አዞራት። ከመሃሏ ወደ ላይ፣ የሰው እጅ በሚደርስበት ቁመት ላይ፣ ቀለሙ የሳንቲም ያህል ተልጧል። ጣቱ ሳያዘው ሄዶ አረፈበት፤ ልክ ገባ። የጎረሰው ድንች አፉ ውስጥ እንዳለ ነበር።

«ምነው ልጄ? ምን ሆንክ?»

«የእኛ ነች» አለ።

«የማን?»

«የእኛ። የእኔ።»

ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣ አያውቅም። ብስክሌቷ በር ላይ ተደግፋለች። ወደ ቀኝ ቢነዳ ጦር ሰፈሩ ነው፤ ዛይፈርት አለ፣ ቀለም አለ፣ ትከሻ የሚመቱ ሰዎች አሉ። ረግረጉ አይናገርም፤ ፍራው ሜንዘም መጥረቢያ ካገኘች እስከ ማታ ሁሉም አመድ ይሆናል። ማንም አያውቅም፤ ማንም፣ መቼም። ኤጎን የብስክሌቷን እጀታ ይዞ ብዙ ቆመ። በኋላ ለቀቃትና በእግሩ ወደ ግራ፣ ወደ መንደሩ ሮጠ።

የእሳት አደጋው ጋሪ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለ ትንሽ የጡብ ቤት ነው፤ መንደሩ ሰካራም ሲያስቸግርም የሚቆለፍበት እዚያው ነው። ሽማግሌው ፕሎገር በር ላይ ወንበር አውጥቶ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሟል።

«ማንም አይገባም! እስረኛ ነው!» አለ።

«እስረኛ አይደለም፣ አባባ። የእኛ ሰው ነው። ይክፈቱልኝ።»

«የእኛ? ታዲያ ምነው ጀርመንኛ ሳናግረው ዝም አለኝ?»

«እርስዎስ ራስዎን ዛፍ ቢመታዎት ምን ይመልሱ ነበር? ይክፈቱ እባክዎ!»

ሽማግሌው እያጉረመረመ ተነሣና ቁልፉን አዞረ። ኤጎን በሩን ሊያንኳኳ እጁን አነሣ፤ እንጨት መሆኑን አየና እጁን መለሰ። ገፍቶ ገባ።

ቲሎ ክራነርት በተጠቀለለው የውሃ ጎማ ላይ ራሱን አስደግፎ ተኝቷል። ግማሽ ፊቱ አብጦ ጠቁሯል፤ ሁለቱም እጆቹ በአልጋ ልብስ ቅዳጅ ተጠቅልለዋል። ብርሃኑ ሲገባ አንድ ዓይኑን ገለጠ፤ ብዙ ቆይቶ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ራቤ... አንተ ነህ ወይስ ሞቼ ነው?»

«እኔ ነኝ ቲሎ።»

«ላምባ ላምባ ትሸታለህ።» ሊስቅ ፈለገ፤ ሳል ሆነበት። «ልጁስ? ኡዶስ?»

ኤጎን ተንበረከከ። ኡዶ ማለት እሱ ሲሄድ በእሱ ወንበር የተቀመጠው አዲሱ የራዳር ልጅ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የለም እንደማለት ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ቲሎም ገባው። ጣሪያውን አየ።

«አላየውማ» አለ ቲሎ። «ደመናው ውስጥ ጠፋን፤ ሬዲዮውም ሞተ። ኮከብ አይተን መንገዳችንን እናገኛለን ብዬ ከደመናው በላይ አወጣሁት። ሞስኪቶው ከኋላ መጣ። ልጁ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ምስኪን፣ ወደ ፊት ነበር የሚያየው። ይገርምሃል፣ ስወድቅ ያሰብኩት አንተን ነው። እንደዚያ ዓይነት ስድብ ሰድቤህ ስትሄድ... አንተ ከኋላዬ ብትሆን ኖሮ ታየው ነበር፣ ራቤ።»

በሩ ላይ የሽማግሌው ጥላ ይወዛወዛል። ኤጎን ዝም ቢል በቃ፤ ሞስኪቶ ነው፤ ቲሎ ራሱ ሞስኪቶ ብሏል።

«አይቼዋለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«አንተን። ነጥቡን። እኔ ነኝ ያየሁህ ቲሎ። ቆጠርኩ። የሩጫ ሰዓቱ ተጠላለፈብኝና በአፌ ቆጠርኩ።»

ቲሎ አንዷን ዓይኑን ሳያርገበግብ አየው።

«ስንት አልከው?»

«ሃምሳ አንድ።»

ቲሎ ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ለራሱ የሚያሰላ ይመስል ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በየሌሊቱ፣ ያንን ስሌት ሲሠራ የኖረ አፍ ነው። የተጠቀለለ እጁን አንሥቶ የኤጎንን ክንድ ፈለገና አገኘው።

«ሃያውን የምቀንሰው እኮ እኔ ነበርኩ» አለ።